ከጎታው ጀርባ ያሉት ፕሬዚዳንት

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እኛ ቤት፣ ከጎታው ጀርባ፣ ቆስለው ሲተኙ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን በተናገርሁ ቁጥር የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቁ። ያን ጊዜም ተስቆብኛል፤ በሕይወቴ ከሰማሁት ሳቅ ሁሉ የምወደውም እሱን ነው።

ጊዜው 1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ካምፕ ሠርቶ ካሚዮኖቹ እያጓሩ ወደ ደሴ የሚያልፉበት ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። እናቴ ሐቢባ ማሽላ ታሳርሳለች፣ ጥጥ ትፈትላለች። አባቴ ኢብሮ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ገና ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ለጨው አውሳ ወርዶ በዚያው እንደቀረ ነው የማውቀው፤ መልኩን አላስታውስም። «መቼ ይመጣል?» ስላት እናቴ «ኢንሻአላህ ይመጣል» ትልና እንዝርቷን ታሾራለች። እኔም አውሳ የሚባለው አገር እጅግ ሩቅ መሆን አለበት ብዬ ነገሩን ትቼው ነበር።

አንድ ቀን ከቁርአን ቤት ስመለስ በጎታውና በግድግዳው መሐል መጋረጃ ተሰቅሎ አገኘሁ። ቤቱ ደም ደም ይሸታል። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ያቃስታል። ከወዲህ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ፤ እናቴ፣ አጎቴ ሁሴንና ልብስ ሰፊው ጋሼ ገብረሚካኤል። ልብ ያለኝ ስላልነበረ ማሽላ ጆንያ ላይ ጉብ አልሁ።

አጎቴ ሁሴን የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአጣዬ እስከ አሊዩ አምባ ጥይት የገባበት ሰው ሁሉ የሚያስጠራው እሳቸውን ነበር። ጣታቸውን ቁስሉ ውስጥ ከተው ጥይቱን ይዳስሱታል፤ ከዚያ ክንድ በሚያህል ወረንጦ ጎትተው ያወጡታል። ጋሼ ገብረሚካኤል ግን መጤ ናቸው። ከጠላት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ቁስል ሲያጥቡ ኖረዋል። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶላቸው ነበር፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ታሪክ ከነሥዕላቸው ያለበት። ያን ቀንም መጽሐፉን ገልጠው፣ ዳኛ ፊት ማስረጃ እንደሚያቀርብ ሰው ወደ አጎቴ ፊት ያስጠጉታል።

«ይኸው፣ እኚህ ናቸው» አሉ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰው ሥዕል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው። «ጋርፊልድ ይባላሉ። ድኻ አደግ ናቸው። ልጅ ሳሉ በቦይ ዳር ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች ይነዱ ነበር።»

«በቅሎ ነጂ?» አለች እናቴ። «እንግዲያው የኛው ሰው ናቸዋ!»

«ፕሬዚዳንት በሆኑ በአራተኛው ወር፣ ባቡር ሊሳፈሩ ጣቢያ ውስጥ ሳሉ፣ ደጅ ሲጠና ከርሞ ሹመት ያጣ ሰው ከኋላቸው መጥቶ ተኮሰባቸው።»

«ደጅ ጠኚ እዚያም አለ?» አሉ አጎቴ፤ ቁጣቸውን እንኳ ለአፍታ ረሱት።

«የት ይታጣል! ጥይቱም እዚህ ጋ» አሉና ጋሼ ገብረሚካኤል ወደ መጋረጃው አመለከቱ። «ልክ እዚሁ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ገብቶ ቀረ።»

ልቤ ዘለለች። የአሜሪካ ንጉሥ! እኛ ቤት! መጽሐፍ ላይ የተሣሉት ሰውዬ ከኛ ጎታ ጀርባ! አፌን ከፍቼ የሚቀጥለውን ስጠብቅ እናቴ ድንገት ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የተቀመጥሽው? ሂጂ፣ ውኃ ቅጂ!»

የታሪኩን መጨረሻ ሳልሰማ ወጣሁ። ገንቦዬን ሞልቼ ስመለስ አጎቴ ወረንጦአቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ተላለፍን። «የፈረንጅ ተረት የኔን እጅ አሰረ!» ይላሉ። «አንድ ነገር ቢሆን ደሙ በእናንተ ራስ ነው!» በቅሎአቸው ላይ ተፈናጥጠው ወደ ኋላ ሳያዩ ሄዱ።

«እማ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ፕሬዚዳንቱ ናቸው?» አልኋት።

እናቴና ጋሼ ገብረሚካኤል ተያዩ። ብዙ ነው የተያዩት።

«አዎ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ናቸው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሥልጣን ሆንሁ። ሥልጣኔ ለሰላት የምንታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ነበር። እናቴ ውኃ ታፈላለች፣ ለብ ሲል እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ መጋረጃው አጠገብ እቆማለሁ፤ ማንም ሰው በሳሙና ሳይታጠብ አያልፍም። «እስከ ክርን» አሉኝ ጋሼ ገብረሚካኤል። «ጥፍር ሥርም ሳይቀር። እኔ ራሴ ሳልታጠብ ብገባ ጩኺብኝ።» አንድ ቀን እናቴ ረስታ ልትገባ ስትል እንደ ወፍ ጠባቂ ጮኽሁባት። ጋሼ ገብረሚካኤል ጉንጬን ሳሙኝ። የተቀቀለ አቡጀዲ ነበር ቁስሉን የሚሸፍኑበት፣ ጨው ገብቶበት በፈላ ውኃ ነበር የሚያጥቡት፤ ጣታቸውን ግን አንድም ቀን አላስገቡም።

ጠዋት ጠዋት እናቴ «ፕሬዚዳንቱ እንዴት አደሩ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰላም ካደሩ ጋሼ ገብረሚካኤል «እግዜር ይመስገን፣ አሜሪካ ደህና ነች» ይላሉ። ትኩሳት ካለ ደግሞ «አሜሪካ ዛሬ ትንሽ ሞቋታል» ይላሉ። እኔ ያን ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ማን እንደሚያመጣላቸው ሳስብ እውል ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አሜሪካ ነደደች። ፕሬዚዳንቱ ከቀትር ጀምሮ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ እንደ እሳት ጋሉና መቃዠት ጀመሩ። «ቦራ! ቦራ፣ ቀስ በይ! ጭነቱ ዘመመ!» እያሉ ይጣራሉ። የቦይ ዳር በቅሎዎቻቸውን ነው የሚጠሩት አልሁ በልቤ፤ በአማርኛ መጥራታቸው ለቅጽበት እንኳ አልገረመኝም። ሰባት ዓመት ደግ ዕድሜ ነው።

እናቴ ግን ከዚያ በላይ አልቻለችም። ጋሼ ገብረሚካኤል ይለምኗታል፤ «ሐቢባ፣ አደራሽን፣ ያ ጣት ከገባ ያልቅላቸዋል» ይሏታል። እሷ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ አንቱ መጽሐፍ አለዎት። እኔ ያለኝ ይኼ አንድ ሰው ነው» አለቻቸውና አጎቴን አስጠራች። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንዲህ የምታለቅስ እናት ስላለችኝ ኮራሁ።

አጎቴ ሁሴን ከመቼው መጡ። ወረንጦአቸውን እሳት ላይ ጣሉና ወደ መጋረጃው ሲራመዱ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ፊታቸው ተገተርሁ።

«ይታጠቡ!»

«ዞር በይ አንቺ!»

«አልዞርም! ፕሬዚዳንቱ ጋ ሳይታጠቡ አይገባም!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ክንዳቸውን ገልጠው ለሰላት እንደሚታጠቡት ሦስት ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ገቡ። መጋረጃው በደንብ ስላልተመለሰ በስንጥቁ አየኋቸው። መጀመሪያ አጎንብሰው ቁስሉን አሸተቱ፤ የመግል ሽታ ያለው ቁስል በአፍንጫ ይታወቃል ይሉ ነበር። ደግመው አሸተቱ። የፕሬዚዳንቱን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነኩ። «ትኩሳቱ በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

«ቀን እየዘለለ» አለች እናቴ።

«ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ ያልበዋል?»

«አዎን።»

 ወረንጦው ጫፉ ቀልቶ ምድጃው ላይ ይጠብቃል።  ጋሼ ገብረሚካኤል መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ እንደ ታቦት አቅፈዋል።

«ገብረሚካኤል» አሉ አጎቴ። «እነዚያ ሐኪሞች ስንት ነበሩ አሉኝ?»

«ከአሥራ ሁለት አያንሱም።»

«ሁሉም እጃቸውን ሳይታጠቡ ጣታቸውን ከተቱ?»

«ሁሉም።»

«እንግዲህ አሥራ ሦስተኛው እኔ አልሆንም» አሉ። «ቁስሉ ንጹሕ ነው። ይኼ የጥይት ትኩሳት አይደለም፣ የሮቢ ወባ ነው። ወባማ ፕሬዚዳንት ነው ብላ ታልፋለች እንዴ! ኪኒን ካለዎት አምጡ።»

ጋሼ ገብረሚካኤል ከሐኪሙ ቤት የቀረቻቸው አንዲት ብልቃጥ ኪኒን ነበረቻቸው፤ እየሮጡ ሄደው አመጧት። ያን የሚያህል ትልቅ ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። አጎቴ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የበሽተኛውን እጅ ይዘው ያሲን የተባለውን የቁርአን ምዕራፍ ቀሩ። «አይዞህ ወንድሜ» ሲሉም ሰማሁ። የቁርአን መምህራችን ሰው ሁሉ የአደም ልጅ ነው፣ ወንድማማች ነው ስላሉን ነገሩ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀ። አጎቴ አንድ ሙክት ፍየል ጎትተው መጥተው ቢስሚላህ ብለው አረዱ፤ መረቅ ተሠራ። እኔ ተጨነቅሁ። ክርስቲያን የእስላም እርድ እንደማይበላ ማን ያጣዋል? ጋሼ ገብረሚካኤል እንኳ ስንት ዘመን የቤተሰብ ያህል ሆነው ከኛ ቤት ሥጋ ቀምሰው አያውቁም፤ ያን ዕለትም ሽሮአቸውን ነው የበሉት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ደግሞ ክርስቲያን ናቸው። በረኃብ ሊሞቱብን ነው!

ሳህኑ ተመልሶ ሲመጣ ግን አጥንቱ ሳይቀር ተግጧል። ለአፍታ አሰብሁና ገባኝ። ወደ ጓሮ በርሬ ወጣሁ።

«እማ! እማ! ፕሬዚዳንቱ ሰልመዋል!»

እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ከት ከት ብላ ሳቀች፤ በመጨረሻ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ በያ» አለችኝ። አልሁ። የአሜሪካ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን እያልሁ ቀኑን ሙሉ ስፈነጥዝ ዋልሁ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ገብረሚካኤል ከዱን። እኔ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። በገበያ ቀን ስፌት መኪናቸው አጠገብ ልጁም ሽማግሌውም ተኮልኩሎ ሳይ ተጠጋሁ፤ የፕሬዚዳንቱን ታሪክ ያወራሉ! በቅሎ መንዳቱን፣ ደጅ ጠኚውን፣ ከጀርባ የገባውን ጥይት። ቤተሰብ የሚሞትለትን ምስጢር ለገበያ! የሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ። ከወር በኋላ የሸዋ ሮቢት ልጆች «ፕሬዚዳንት» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው፤ አንዱ ቆስሎ ይተኛል፣ ሌሎቹ ጣት ሊያስገቡ ይታገላሉ። እኔ ብቻ ጥግ ይዤ በንዴት እቃጠላለሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰውዬ የከተማውን ጆሮ ሁሉ በተረት ሲደፍኑ ነበር። ደግሞም ታሪኩን አንድ ቀን እንኳ ጨርሰውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ፕሬዚዳንቱን በሕይወት አልጋ ላይ ትተው መቀሳቸውን ያነሳሉ። የኛው ሰው ተኝቶ ሳለ ያኛውን፣ ከጥይቱ ይልቅ ያልታጠበ የሐኪም ጣት የገደላቸውን፣ በአፋቸው መግደል አልሆነላቸውም።

አንድ ጠዋት እንቁላል ይዤ ካምፕ ልሄድ ስል እናቴ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሙሀባ፣ ሰዎች ከጠየቁሽ አትዋሺ። ውሸት ሐራም ነው። የምታውቂውን እንደምታውቂው ተናገሪ» አለችኝ። ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ተከናነበች። ብርዷት ነው ብዬ ነበር፤ በዚያ በሮቢ ሙቀት።

ካምፑ በር ላይ አስተርጓሚው ጌታቸው ቆሟል፤ አጠገቡ ጣሊያኑ አዛዥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋሌጣ ይቆረጥማል። ጌታቸው አንድ ጋሌጣ ሰጠኝና ጎንበስ አለ።

«የሐቢባ ልጅ፣ እናትሽ በአንድ ወር አራት ሳሙና ገዛች አሉ። ልብስ ሰፊውም ከቤታችሁ አይጠፋም። ማን ታሞባችሁ ነው?»

ከወር በላይ ደረቴ ውስጥ ሲዘል የከረመው ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ሐራም ነው ተብያለሁ። ደግሞስ መላው ገበያ የሚያወራውን እኔ፣ ማንቆርቆሪያ ያዥዋ፣ ለምን እዋጠዋለሁ?

«የአሜሪካ ፕሬዚዳንት!» አልሁት።

«ማን?»

«ጋርፊልድ! ወላሂ! ባቡር ጣቢያ ከጀርባቸው ተተኩሶባቸው ከጎታው ጀርባ ተኝተዋል። አሥራ ሁለት ሐኪሞች ጣታቸውን ሊያስገቡ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልሁ፤ ሳሙናውም ለዚያ ነው። ወባም ይዟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸው ሰልመዋል!»

የጌታቸው ፊት መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ቀስ በቀስ ተፈታ። «የልብስ ሰፊው ተረት!» ብሎ ጮኸና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሰልመዋል!» እያለ ዘበኛውን ተደገፈ። ለአዛዡ ሲተረጉምለት አዛዡም ጋሌጣው ትን እስኪለው ሳቀ፤ ሌሎቹም ወጥተው ሳቁ። የካምፑ በር በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ መሐላቸው ቆሜ በቁጣ እግሬን መሬት ላይ እመታለሁ። በመጨረሻ አዛዡ ዓይኑን እየጠረገ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል መሰለሽ» አለኝ ጌታቸው። «ያ ሰውዬ ከሞተ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቶሎ ቅበሩት ይልሻል።»

እኔ የሰማሁት «ሞተ» የሚለውን ብቻ ነው። እንቁላሉን ከነቅርጫቱ ጥዬ ሮጥሁ። ወንዙን ልብሴን እንኳ ሳልሰበስብ ተሻገርሁ። ጠዋት ደህና ነበሩ! እኔ ስወጣ ነው የሞቱት! ቤት ስደርስ መታጠቡም ማንቆርቆሪያውም ጠፋኝ፤ መጋረጃውን ገንጥዬ ገባሁ።

ፕሬዚዳንቱ ተቀምጠዋል። ጢማቸው ልክ እንደ ሥዕሉ ነው። ፊታቸውን በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

«ሞተዋል አሉኝ!» ብዬ ጮኽሁባቸው።

«ማን ነው ያለ?»

«ጣሊያኑ!»

ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። «ጣሊያን ሞተ ያለው ሰው ዕድሜው ረጅም ነው» አሉ። እናቴ ሮጣ ስትገባ ያልታጠበው እጄ ትዝ አለኝና በዚያ ደግሞ ማልቀስ ጀመርሁ። «ተያት» አሏት። ግራ እጄን ያዙ። ትንሿ ጣቴ ከተወለድሁ ጀምሮ ጎባጣ ነች፤ ልጆች ሁሉ የሚያሾፉባት። ፕሬዚዳንቱ ያቺን ጣት ፈልገው አገኟት። የራሳቸውን ትንሽ ጣት አጠገቧ አስጠጉ። እንደኔው ጎባጣ ነበረች። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ከመገረሜ ብዛት ለቅሶዬን ተውሁ፤ ይህች ጣት የመንግሥት ጣት ናት፣ አንድ ቀን እኔም እሾማለሁ አልሁ።

ካምፕ የሆነውን ስነግራት እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሳቁ ጋ ስደርስ በየጊዜው «ሁሉም ሳቁ? አዛዡም?» ትለኛለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሽርጥ አገልድመው፣ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለው፣ በጠራራ ፀሐይ በአሊዩ አምባ መንገድ ወጡ። ጥይቱ አብሯቸው ሄደ። ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ፋቲሃ ቀሩልኝ።

«አሜሪካን ያሳዩኛል?» አልኋቸው።

«ቦራ ላይ አፈናጥጬሽ» አሉኝ።

በዓመቱ ጣሊያን የወጣ ጊዜ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ አርበኞች ከየጫካው ይመለሱ ጀመር። እናቴ ጠዋት ማታ ደጃፍ ላይ ናት። እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የምጠብቀው የአሜሪካን ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን መጣ። ከማጀቴ ከተማ በላይ ስለተደረገ ተኩስ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራትና የተጠቀለለ ሽርጥ ሰጥቷት ሄደ።

«አባትሽ ሞተ» አለችኝ።

እሷ ስለምታለቅስ አቀፍኋት እንጂ እኔ እንባ አልመጣልኝም። የማላውቀው ሰው ነው። የጨነቀኝ ሌላ ነበር።

«ፕሬዚዳንቱስ? እሳቸው ደህና ናቸው?»

እናቴ ግራ እጄን ወሰደች። ጭብጤን ፈታችና ጎባጣዋን ጣቴን በሁለት እጇ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ ምንም መናገር አላስፈለጋትም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሞተብኝ፤ ጩኸቴ ሮቢ ማዶ ተሰማ። ደረቷን እየመታሁ «ለምን አልነገርሽኝም? ለምን? ለምን?» አልኋት።

እስኪደክመኝ ድረስ መታኋት። አልከለከለችኝም።

«ልጄ» አለች፣ ሲደክመኝ። «'አባቴ ነው' ብትያቸው ኖሮ ማን ይስቅ ነበር?»